ከብቱም ደኅና ነው

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሰው ያልሆኑ አምስት ሠራተኞች አሉኝ። አሉኝ የምለው ለአፍ ልማድ ነው እንጂ እነሱ የኔ አይደሉም፤ እኔም አለቃቸው አይደለሁም። የሥራ መደቤ «የርክክብ አስተባባሪ» ይባላል። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ መጋዘን ጠባቂ የሆንኩ ይመስላቸዋል። አላርማቸውም። መጋዘን ቢሆንማ ቢያንስ ቁልፍ ይኖረኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደጋ ገበሬ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ሲያገኝ በነፃ መስመር ይደውልልናል፤ ስለ እህሉ ወይም ስለ ከብቱ ይጠይቃል። ድሮ ቢሆን ስልኩን የሚያነሣ ሰው ይቀጠር ነበር። አሁን የሚያነሡት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ኤጀንቶች ናቸው። የመጀመሪያው ድምፁን ሰምቶ ይጽፋል። ሁለተኛው የተጻፈውን ያሳጥራል። ሦስተኛው ያጠረውን አይቶ አስቸኳይ ነው ወይም አይደለም ብሎ ይፈርዳል። አራተኛው መልስ ያዘጋጃል። አምስተኛው መልሱን ለገበሬው በድምፅ ያነብለታል፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ከተባለ ደግሞ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መልእክት ይልካል፤ ካልተባለም በየጠዋቱ «የለም» ብሎ ያስታውቀዋል። መሐንዲሶቹ ለእያንዳንዳቸው የሚያምር የእንግሊዝኛ ስም አውጥተውላቸዋል። እኔ ግን ጸሐፊው፣ አሳጣሪው፣ ዳኛው፣ መላሹ፣ ላኪው እላቸዋለሁ። በዚህ ስም ስጠራቸው ምን እንደሚሠሩ ይገባኛል፤ ምን እንደማይሠሩም እንዲሁ።

የኔ ሥራ በመካከላቸው ነው። አንዱ ለቀጣዩ ሥራ ሲያስረክብ አጭር ማስታወሻ ይጽፋል፤ እኔ ማስታወሻዎቹን እያነበብኩ የርክክቡን መመሪያ አሻሽላለሁ። ማስታወሻዎቹ ሁሉ የሚያልቁት በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ሥራዬን በተሳካ ሁኔታ አጠናቅቄ ለሚቀጥለው አስተላልፌያለሁ።» ግማሽ ዕድሜዬን በመንግሥት ቢሮ ስለጨረስኩ ይህን ቋንቋ ጨለማ ውስጥም ዳብሼ አውቀዋለሁ። ያኔ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» እንል ነበር። ፋይሉ ከጠረጴዛዬ ላይ ከተነሣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ባለጉዳዩ ደጅ ላይ ቆሞ ቢሆን እንኳ አልቋል። ስለ እነዚህ ማሽኖች ብዙ አንብቤአለሁ። ዓለምን ያጠፋሉ የሚሉትንም፣ ያድናሉ የሚሉትንም እኩል ሳልወዳቸው ከርሜአለሁ። ሥራ በጀመርኩ ዕለት ያየሁት ግን ሁለቱም ያልጻፉትን ነው። የድሮ ቢሮዬን አየሁ። የጎደለው ሻይ ብቻ ነበር።

ማሽን አይደክምም ይላሉ። እውነት ነው። ድካሙን ሁሉ ለኔ ነው ያስረከቡት።

አለቃዬ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል መሐንዲስ ናት። እዚሁ ጎንደር ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ሌሎቹ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የቀረች። ፈጣን ናት፤ ሳቋም ፈጣን ነው። እኔን «ጋሼ» ትለኛለች፤ በዚህ ቃል ውስጥ ያለው አክብሮት ስንት እጅ፣ ትዕግሥት ስንት እጅ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም። ሥራውን ስንጀምር አንድ ነገር አስቸግሮን ነበር። ከደጋ የሚመጣ ጥሪ ግማሹ ሰላምታ ነው። እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆቹስ፣ አገሩስ፣ ዝናቡስ። ማሽኑ ይህን ሁሉ ሲጽፍ፣ ሲያሳጥርና ሲያመዛዝን መልሱ ይዘገያል። ስለዚህ ተቀምጠን ተነጋገርንና ለአሳጣሪው «ሰላምታውን ቁረጥ፤ መረጃውን ያዝ» ተባለ። ሁላችንም ተስማማን። የተስማማሁበት ነገር ደግሞ ብዙም አይገጥመኝም።

በግንቦት አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ደጋውን መጎብኘት በጀመረ ሰሞን፣ አለቃዬ እየሳቀች ገባች።

«ጋሼ፣ የረካ ደንበኛ አገኘን!»

«የት ጠፍቶ ነበር?»

«አይቀልዱ። ከመካነ ብርሃን ወዲያ ያሉ አንድ አባት ናቸው። በዚህ ሳምንት ደጋግመው ደውለዋል፤ በደወሉ ቁጥር ምክሩን ሰምተው አመስግነው ነው የሚዘጉት። ሲስተሙ ‹ተመላሽ፣ ደስተኛ› ብሎ መዝግቧቸዋል። ሥራችንን የሚገመግሙት ሰዎች ሲመጡ የሳቸውን ታሪክ እናቀርባለን። እርስዎ ደግሞ ጽሑፍ ያውቃሉ፤ አንድ ገጽ ያምርልን።»

በሕይወቴ አንድ አገልግሎት ወድዶ ደጋግሞ የሚደውል ሰው አላየሁም። ሰው ደግሞ የሚደውለው መጀመሪያ ስላልተሰማ ነው። ይህን ብነግራት «እርስዎ ደስታ አይወዱም» እንደምትለኝ ስለማውቅ ዝም ብዬ የጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁ። ማስታወሻዎቹን ትቼ ድምፁን ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ጥሪ ይህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ዋላችሁ? ደኅና ናችሁ ወይ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? አገሩ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸጋ ነን። ቤተሰቡ ደኅና ነው፤ ከብቱም ደኅና ነው፤ ዝናቡም ጀማምሮናል፤ ተመስገን ነው። ብቻ በሬው ትንሽ ጉሮሮውን ያዝ አርጎት ገለባው አልወርድ ብሎታል። እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው። እግዜር ያክብርልን።»

ጸሐፊው አንድ ቃል ሳያዛንፍ ጽፎታል። አሳጣሪው እንደታዘዘው ሰላምታውን ቆረጠ፤ ማለትም ጥያቄዎቹን ቆርጦ «ደኅና ነው» የሚለውን እንደ መረጃ ያዘው። «ጠሪው ቤተሰቡና ከብቱ ደኅና መሆናቸውን ገልጿል፤ በሬው ገለባ መብላት ላይ ትንሽ ችግር አለው» ብሎ አስረከበ። ዳኛው ይህን ተቀብሎ «የእንስሳቱ ጤና ጥሩ ነው፤ የመኖ ጥያቄ፤ አስቸኳይ አይደለም» አለ። ለመላሹ የደረሰው «የመኖ ጥያቄ» የሚለው ብቻ ነው። መላሹም ገለባውን አድቅቀው ጨው የገባበት ውሃ ይርጩበት የሚል፣ በራሱ ምንም ስሕተት የሌለበት ምክር አዘጋጀ። ላኪው በለስላሳ ድምፁ አነበበ። አባትየው አመሰገኑ። «ጠሪው አመስግኗል። ተጠናቋል።»

በኛ አገር ሰው ወሬውን ከክፉው አይጀምርም። የሞተ ዘመድ መርዶ እንኳ ተቀምጦ፣ ተበልቶ፣ ሌሊቱ አልፎ ነው የሚነገረው። መጀመሪያ ሁሉ ደኅና ነው ይባላል፤ ከዚያ ችግሩ በ«ብቻ» ይገባል፤ ሲገባም ጎንበስ ብሎ፣ ራሱን አሳንሶ ነው። «ትንሽ አሞታል» የተባለ ሰው አልጋ ላይ ነው። «ያዝ አርጎታል» ከተባለማ ቄስ ተጠርቷል። በኋላ ይህንኑ ልማድ ታውቃለህ ወይ ብዬ ዳኛውን ለብቻው ጠይቄዋለሁ። በሚገርም ጥራት፣ ከኔ በተሻለ ሁኔታ አብራራልኝ። ዕውቀት አልጎደለውም ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ነው ያልደረሰው።

በሁለተኛው ጥሪ ሰላምታው እንዳለ ነው፤ ከብቱም ደኅና ነው። «ጨው ያላችሁኝን አርጌአለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ እብጠቱ ወደ ደረቱ ወረድ ብሏል።» የአሳጣሪው ማስታወሻ «ጠሪው የተሰጠውን ምክር ተግብሯል» ይላል። ዳኛው ተደስቷል።

የመጨረሻው የትናንት ከሰዓት ነው። አባትየው ሰላምታቸውን ጨርሰው ከብቱም ደኅና ነው አሉና ዝም አሉ። ስልኩ የተንቀሳቀሰ፣ ጨርቅ የነካ ነገር ተሰማ። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ የሚያጓራ፣ ውሃ ያዘለ ትንፋሽ ነው፤ ይገባል፤ ቆም ይላል፤ እንደ ዛገ በር ተንጠራርቶ ይወጣል። ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። በመጨረሻ የሰውዬው ድምፅ ከሩቅ «እንዲህ ነው» አለና ስልኩ ተዘጋ።

ጽሑፉን አየሁ። ጸሐፊው «የጀርባ ድምፅ፤ ተወግዷል» ብሎ ጽፏል።

ስልኩን ወደ በሬው ጉሮሮ ነበር ያስጠጉት።

ወዲያው ለአባትየው ደወልኩ። ኔትወርኩ ደጋግሞ እምቢ ካለ በኋላ ስልኩ ተነሣ።

«አያ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሬው እንዴት ሆነ?»

«ምነው? ምን አባረረህ? ሰላምታም የለ?»

«ይቅርታ አያ። እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። አንተ ደግሞ የትኛው ነህ? ጨው ያልከኝ ነህ?»

«አይደለሁም። እኔ ሰው ነኝ።»

«ያም ድምጡ የሰው ነበር።»

«እውነቴን ነው አያ፣ ሰው ነኝ።»

«አገርህ የት ነው?»

«ድብ ባሕር ነው የተወለድኩት።»

«እሱንማ ተምሮም ሊለው ይችላል። እስቲ ሳልልኝ።»

«ምን?»

«ሳል። ያኛው መሳል አያውቅም።»

ሳልኩ። ለማስመሰል ነበር የጀመርኩት፤ ግን የሲጋራ ዘመኔ ሁሉ ተከትሎ መጣና ማቆም አቃተኝ። አለቃዬ ውሃ ይዛ መጣች።

«ይበቃል፣ ይበቃል፤ ሰው ነህ!» አሉ በስልኩ ውስጥ እየሳቁ። «በሬውን ተወውና ለራስህ መድኃኒት ፈልግ።»

«በሬው አያ?»

«በሬው አለ።»

«ይበላል?»

«መብላቱንስ ትቷል።»

«ውሃስ?»

«ውሃውንም። ምላሱ ወጣ ብሏል። ቅድም ከፊት እግሩ ተንበርክኳል።» ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ስለ ሰው በሬ የሚያወሩ ይመስላል። «አንድ ነው ያለኝ። የወንድሜ ሚስት አንድ አላት፤ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሁለቱን አቀናጅተን የሷንም የኔንም እናርሳለን። ገብሱን አሁን ካልዘራነው ውርጩ ይቀድመናል። ይኸው ነው፤ ሌላው ደኅና ነው።»

«ምነው አያ፣ እንዲህ መሆኑን ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ?»

«ነግሬአችሁ የለም እንዴ?» አሉ፤ ከልባቸው ተገርመው። «ድምጡን ሳይቀር አሰማኋችሁ እኮ።»

ባለሙያ እልካለሁ ብዬ ዘጋሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው መካነ ብርሃን የሚሠራ ወጣት ነው። ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።

«ጋሼ፣ ጎሮርሳ ነው የሚመስለው» አለ ምልክቱን ስነግረው። «ጉሮሮውን አንቆ ነው የሚገድል። መቼ ጀመረው?»

«ሰንብቷል። ለኛ ሲደውሉ ነበር።»

«ለናንተ? ከናንተ እኮ በየጠዋቱ መልእክት ይደርሰኛል። ‹በአካባቢዎ አስቸኳይ ጉዳይ የለም› ይላል። መድኃኒቱ እጄ ላይ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የትም አልሄድኩም።» ቁጣ አልነበረበትም፤ የሰለቸው ሰው ድምፅ ነው፤ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። «በቅሎ ልለምንና ልውጣ። ከሰዓት እደርሳለሁ።»

ከዚያ መጠበቅ ነው። አለቃዬ የመጨረሻውን ጥሪ በጆሮ ማዳመጫ ሰማች። ሰምታ ስትጨርስ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«በሬውን ነው ያስደመጡን?»

«አዎ።»

መሐንዲስ ስታዝን ምን እንደምታደርግ ያየሁት ያን ቀን ነው። ኮምፒውተሯን ከፈተች።

«ስድስተኛ ኤጀንት እንጨምር። ተቆጣጣሪ።»

«ምን ይቆጣጠራል?»

«የአምስቱን ማስታወሻ ያነባል። ስሕተት ካለ ይይዛል።»

«ማስታወሻው ውስጥ ስሕተት የለም እኮ። አንድም የለም። በሬው ነው ማስታወሻው ውስጥ የሌለው።»

«ታዲያ ድምፁንም እንዲሰማ…»

«ከዚያ ተቆጣጣሪውን የሚቆጣጠር ሰባተኛ። ይህን ፊልም አይቼዋለሁ። እኛ መሥሪያ ቤት ኢንስፔክሽን የሚባል ክፍል ነበር፤ እሱን የሚከታተል ደግሞ ኮሚቴ ነበር፤ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይይዝ ነበር።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሁሉን ነገር ወደ ቢሮ ነው የሚያመጡት!»

«ሁሉም ነገር ወደዚያው ስለሚሄድ ነው።»

ተናድዳ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ታች ሚኒባሱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። መብራት ሄዶ መጣ። እንደቆመች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ስለ እናቷ ማኅበር ታወራኝ ጀመር። ጽዋ ይጠጣሉ፤ ተራው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተራዋን የጨረሰችው ሴት ጽዋውን አስቀምጣ አትሄድም። ተረኛዋ ትነሣለች፤ በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ ቄሱና ማኅበርተኛው እያየ ነው። እናቷ ደግሞ የራሷ ልማድ አላት። ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታይና ምን እንደተቀበለች ጮክ ብላ ትናገራለች። ሌሎቹ ይስቁባታል፤ እሷ ግን ሳትናገር ከቤቱ ወጥታ አታውቅም።

ባህላችን ሁሉን ቀድሞ ያውቅ ነበር የሚሉ ሰዎች ያደክሙኛል፤ ስለዚህ አፌ ቀደመኝ። «በኔ ማኅበር ተራቸው ሲደርስ የሚታመሙ ሰዎች ነበሩ» አልኳት። «ጽዋውን በሁለት እጅ ተቀብለው በሁለት ወር የማይደግሱ።»

«እኔ ስለ ባህል እያወራሁ አይደለም፤ ማን እንደሚናገር ነው የማወራው» አለች ዞር ብላ። «እዚያ የሚናገረው ተቀባዩ ነው። እኛ ጋ የሚናገረው ሰጪው ብቻ ነው። አስረከብኩ፣ አስተላለፍኩ፣ አጠናቀቅኩ። አንዱም ምን እንደተቀበለ ተናግሮ አያውቅም።»

ልክ ነበረች። ይህ አልፎ አልፎ የሚደርስብኝ ደስ የማይል ነገር ነው።

ጽዋ፣ በሬ፣ ማሽን። ቁጭ ብለን መመሪያውን ጻፍነው። እያንዳንዱ ኤጀንት ሥራ ሲቀበል የተቀበለውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል፤ የጠሪው ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮ ይሄዳል፤ ቃሉና ድምፁ ካልተገናኙ «አልተቀበልኩም» ብሎ ይመልሳል። አስረካቢውም ምን እንደጨረሰ ብቻ ሳይሆን ምን እንደተወ ይጽፋል። መወሰን ያቃተው ካለ ወደ ሰው ይልካል፤ ሰው ማለት እኔ ነኝ። ጠሪውም «ደኅና ነው» ብሎ ሲጨርስ መስመሩ አይዘጋበትም፤ «ሌላስ?» ተብሎ ይጠየቃል። እናቴ ድብ ባሕር ላይ መንገደኛ እቤቷ ሲገባ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ሰላምታ ተለዋውጠው ሲጨርሱ ዝም ብላ ትቆይና «ሌላስ?» ትላለች፤ እንግዳው የመጣበትን ነገር የሚያወጣው ያኔ ነው። ይህን ለአለቃዬ አልነገርኳትም። ባህል ልታወራ ነው ብላ እንዳትስቅብኝ።

ባለሙያው የደወለው ዝናብ ከጀመረ በኋላ ነው። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር።

«ደርሻለሁ ጋሼ። አልደረስኩበትም።»

«ሞተ?»

«ከመድረሴ ትንሽ ቀደም ብሎ። ቀባሪዎቹን ነው ያገኘኋቸው፤ ጥልቅ አስቆፍሬ አስቀበርኩት። ያ ጓደኛው፣ የሴትየዋ በሬ፣ ትኩሳት ጀምሮት ነበር። ወግቼዋለሁ፤ ይተርፋል። የቀሩትን የመንደሩን ከብቶችም እያየሁ ነው።» «ትናንት ጠዋት እንኳ ብሰማ ኖሮ ጋሼ…» አለና ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ ራሱ አላውቅም።

ለአለቃዬ ነገርኳት። ለገምጋሚዎቹ ካዘጋጀችው ማቅረቢያ ላይ የአባትየውን ገጽ አጠፋች። አጥፍታም አልተነሣችም፤ ባዶው ቦታ ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል ታየው ነበር።

አዲሱ ርክክብ ተአምር እንዳልሆነ መናገር አለብኝ፤ ተአምር የሚመስል ነገር ስጽፍ እጄ ስለማይታዘዘኝም ነው። በሚቀጥሉት ቀናት አምስቱም ነገረኛ ሆኑ። አንዲት ሴት ሽንኩርቴ ለምን ቢጫ ሆነ ብላ ደውላ፣ ዳኛው «ቢጫ ስትል ምን ያህል እንደሆነ አልተቀበልኩም» ብሎ ለአሳጣሪው መለሰ፤ አሳጣሪው ለጸሐፊው፤ ጸሐፊው «ድምፁ ይኸው፤ ከዚህ ሌላ አልሰማሁም» አለ። ሲገፋፉ ውለው ወደ ሰው ላኩት። ሽንኩርት ስለማላውቅ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት ጠየቅኩ። የድሮ ቢሮዬ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ፋይሉ ይመለሳል። ድሮ የሄደ ፋይል ተመልሶ አይቼ አላውቅም።

በዚህ መካከል አንድ ጠዋት ስገባ አንድ ጉዳይ ብቻውን ይጠብቀኝ ነበር። የዳኛው ማስታወሻ ነው፦

«ተቀብያለሁ፦ ጠሪው ቤተሰቡና ከብቱ ደኅና መሆናቸውን ተናገረ። ሌላስ ሲባል በሬው መሞቱን ተናገረ። የሚጠይቀው ነገር አላገኘሁም። ድምፁን ደግሜ ሰማሁ፤ አሁንም አላገኘሁም። ለምን እንደደወለ አላውቅም። ወደ ሰው።»

ወንበሬን ስቤ ደወልኩ። በዚህኛው ጊዜ ሰላምታውን አልዘለልኩም። እንዴት አደሩ፣ ቤተሰቡስ፣ አገሩስ፣ ዝናቡስ አልኩ። እሳቸውም አልቸኮሉም።

«ሸጋ ነን። ዝናቡም ተመስገን ነው፤ ከብቱም ደኅና ነው። ሳልህ ተሻለህ?»

«ትንሽ ተሽሎኛል።»

«ትንሽ ካልክማ አልተሻለህም።»

ሳቅኩ። ከዚያ ጠበቅኩ።

«ሌላስ አያ?»

«ሌላማ በሬው ሄደ።»

«ሰምቻለሁ። እግዜር ይተካልዎ።»

«አሜን። የወንድሜ ሚስት በሬ ግን ተርፏል፤ ያ ልጅ ሸጋ አርጎ ወጋው። ቆሞ ይበላል። ብቻውን ሆነ እንጂ።»

«እርሻው?»

«ወዲያ ማዶ አማቾች አሉኝ። እነሱ የራሳቸውን ሲጨርሱ በሬ ያውሱናል። ገብሱ ዘግየት ይላል። የሷን እናስቀድማለን፤ ልጆች አሏት። ለኔ የሚቀረኝን አያለሁ።»

የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በደጋ ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ሲያሽት ውርጩ ይደርሳል። አላነሣሁትም፤ እሳቸውም አላነሡትም።

«ታዲያ አያ፣ ምን ልርዳዎ? ሲደውሉ ምን ፈልገው ነበር?»

«ምንም። ስለ በሬው ስትጠይቁኝ ነበር። መጨረሻው እንዴት ሆነ ብላችሁ እንዳታስቡ ብዬ ነው።»

ከስልኩ ወዲያ ዶሮ ይጮኻል፤ አንድ ሰው ከሩቅ ይጣራል፤ ጸሐፊው ድሮ ቢሆን ይህን ሁሉ ያስወግደው ነበር።

«ሰማኸኝ ወይ?»

«ሰምቻለሁ አያ።»

«ለዚያም ንገረው፣ ጨው ላለኝ። እሱም እንዳያስብ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

ደኅና ሁን ደኅና ሁኑ ተባብለን፣ አገሩን ሰላም ያርገው ተባብለን ዘጋን። አለቃዬ ገና አልገባችም። የኮምፒውተሩን የቁልፍ ገበታ ሳብኩና የመላሹን ገጽ ከፈትኩ። ማሽን አያስብም፤ አያዝንም፤ ይህን ለሌሎች ደጋግሜ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ አሁንም አልለወጥኩም። ግን እነግረዋለሁ ብያለሁ። «ጨው ርጩ ያልካቸው አባት በሬያቸው ሞቷል፤ እንዳታስብ ብለውሃል» ብዬ ጻፍኩና ከጥሪዎቹ ድምፅ ጋር አስረከብኩ።

በመመሪያው መሠረት መለሰ፦

«ተቀብያለሁ፦ በሬው ሞቷል። ጠሪው እንዳላስብ መልእክት ልኳል። የተውኩት ነገር፦ መጀመሪያ ሲደውል ስለ ጉሮሮው የተናገረው አልደረሰኝም ነበር።»